ስምንት የሞቱ ዓይኖች

ባለፈው ማክሰኞ ለሥራ ጉዳይ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ሄጄ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ አንድ ሰውዬ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ የእንጨት ወለሉን ዘይት ሲቀባ አየሁ። ከማየቴ በፊት ግን ሸቶኝ ነበር። የተልባ ዘይት ነው፤ ከሥሩ ትንሽ ሬንጅ አለበት። ባለሁበት ቆምኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ «አድራሻ ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ። «የለም፣ ዘይቱን እያሸተትኩ ነው» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና ሣቀ፤ ከዚያ ጣሳውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገልኝ።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ወቅት ሽታ ነው። ዐሥር ዓመቴ ነበር።

ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት በቤታችን ሦስት ስም ነበረው። እማዬ «ክረምት» ትለዋለች፤ አገር ቤት ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነዋ። አባዬ የምንኖርበትን የኦሮራ ከተማ ፀሐይ እያየ «ይሄ በምን ሒሳብ ነው ክረምት የሚባለው? በጋ ነው እንጂ» ይላታል። የስድስት ዓመቱ ወንድሜ ናቲ ደግሞ «ሰመር» ብሎ ይገላግላቸዋል። ናቲ አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

ከደሴ ወደ ፈረንጅ አገር ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነበር። እማዬ ሌክውድ ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። አባዬ የኤርፖርት ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ትምህርት ሲዘጋ እኔና ናቲ የምንውልበት ስላልነበረን አባዬ ጋሽ ኢድሪስ ዘንድ ወሰደን።

ጋሽ ኢድሪስ የአባዬ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ጡረታ ወጡ። የምጽዋ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው እንደ ድሮ ዜና አንባቢ የጠራ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ሰው ናቸው። ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ጓሮ ያለው ትንሽ ቤት ነበራቸው፤ በዚያ ጓሮ ውስጥ ያልታሰረ ነገር አይገኝም። የቆሻሻ በርሜሉ ክዳን ታስሯል። የውሃው ጎማ ታስሯል። የቲማቲሙ ተክል እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በሲባጎ ታስሯል። አንድ ቀን የናቲን የጫማ ማሰሪያ እሳቸው አሰሩለትና ማታ ቤት ስንገባ አባዬም እማዬም መፍታት አቃታቸው። ናቲ ከነጫማው ተኛ።

አባታቸው የሳምቡክ ገመድ አሳሪ ነበሩ አሉኝ። ሳምቡክ በቀይ ባሕር የሚመላለስ የእንጨት መርከብ ነው። ሸራው የሚሰቀልበትን ረጅም እንጨት ጋሽ ኢድሪስ ደቀል ይሉታል። «ደቀል ብቻውን አይቆምም» ይሉኛል። «ነፋስ ሲመጣ ይሰበራል። ግራና ቀኙን፣ ፊቱን ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ነው። አባቴ ይሄን ገመድ ነበር የሚሠራው። እኔም ከጎኑ።»

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ጋሽ ኢድሪስ መርከብ ይዘው መጡ።

እኔና ናቲ መርከብ አልነው እንጂ ጀልባ ነው፤ ርዝመቱ ከአባዬ ሻትል ብዙም አይበልጥም። ግን ከእንጨት የተሠራ፣ ሆዱ አረንጓዴ፣ አፍንጫው ቀና ያለ። በተጎታች ላይ ተጭኖ ኮልፋክስን ሲያልፍ መኪናው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋለት ነበር። ጀልባው የሚስ ኤለን ነበር። ሚስ ኤለን ፓርክ ሂል የሚኖሩ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ጋሽ ኢድሪስ ለዓመታት ኤርፖርት ያመላለሷቸው ደንበኛ። ባለቤታቸው ዋልተር ጀልባውን ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጃቸው ሠርተውት፣ አብረው ሲዝናኑበት ኖረው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቱ። አሁን ሚስ ኤለን ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ኦሬጎን ሊገቡ ነው። ለጋሽ ኢድሪስ እንዲህ አሏቸው፤ «የወደብ ሰው ነህ አይደል? ውሰደው። ከመሄዴ በፊት ግን አንዴ ሸራው ተዘርግቶ ብቀመጥበት ደስ ይለኛል።» የሚሄዱት በነሐሴ ማለቂያ ነበር።

እማዬ ከሥራ መጥታ ስታየው ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቀረች። «ኦሮራ ውስጥ ባሕር የት አለ?» አለች።

ጋሽ ኢድሪስም በጣም በኩራት «ቸሪ ክሪክ» አሉ፤ ከተማው ዳር ያለ ሐይቅ ነው።

ደቀሉ ደህና ነበር። ገመዶቹ ግን በስብሰው በእጅ ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ። ከጀልባው ጋር አንድ የብረት ሣጥንና አንድ ደብተር መጥቷል። ሚስተር ዋልተር መሐንዲስ ስለነበሩ ደብተሩ ውስጥ ጀልባውን ከነገመዱ ሥለው፣ በእያንዳንዱ ነገር ላይ ቀስት እየሰደዱ ስሙን ጽፈውበታል።

«ሰብለ፣ ነይ እስኪ አንብቢልኝ» አሉኝ ጋሽ ኢድሪስ። ሰው ሲናገር እንግሊዝኛው ይገባቸዋል። ቅርብ ጽሑፍ ግን ያለ መነጽር አይታያቸውም፤ መነጽራቸው ደግሞ ሁልጊዜ እሳቸው የሌሉበት ቦታ ነው።

በክፍሌ ጎበዝ አንባቢ ነበርኩ። ኩራቴም ቀላል አልነበረም። ቤት ሮጬ ሄጄ የአባዬን ወፍራም መዝገበ ቃላት አመጣሁና ጀልባው ጠርዝ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቃል ከደቀሉ ጫፍ ወደ ጀልባው አፍንጫ በሚወርደው ገመድ ላይ ነበር። ረጅም ነው። መጀመሪያውን አውቀዋለሁ፤ «ፎረስት» ይላል። ጭራው አልገባኝም፣ ተውኩት፤ ቃሉ በሙሉ «የፊት ወጣሪ ገመድ» ማለት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ጫካ ይላል» አልኳቸው።

«ምን?»

«ይሄኛው የጫካ ገመድ ነው።»

ጋሽ ኢድሪስ ሥዕሉን ራቅ አድርገው ያዙት። «ውሃ ላይ ጫካ ምን ይሠራል?» አሉ። ትንሽ አሰቡ። «እሺ፣ ፈረንጅ የራሱ ነገር አለው። እለፊው።»

ሁለተኛው ቃል ከደቀሉ ወደ ግራና ቀኝ በሚወርዱት አራት ገመዶች ላይ ነበር። «ሽራውድ» ብዬ አነበብኩ። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ተከተልኩት። «መግነዝ፤ አስከሬን የሚጠቀለልበት ጨርቅ» ይላል።

መግነዝ አውቃለሁ። ደሴ እያለን የጎረቤታችን ሽማግሌ ሲሞቱ ሴቶቹ ቃሉን ሲጠሩ ሰምቻለሁ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ገመድ» አልኩ። «አራት ገመድ ይላል።»

«እሱማ ይታያል። ከሥሩስ?»

ከሥሩ ያለው ሁለት ትናንሽ ቃላት የተጋጠሙበት ነው። ለእነሱ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። «ዴድ»ን አውቀዋለሁ፣ «አይ»ንም አውቀዋለሁ። የሞተ ዓይን። ከጎኑ ቁጥር አለ፤ ስምንት።

በዚያው ቅጽበት ናቲ የብረት ሣጥኑን ከፈተ። ውስጡ ቡጢ የሚያካክሉ ስምንት ክብ ጥቁር እንጨቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ቀዳዳ አላቸው። ሁለቱ ቀዳዳ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለት ዓይንና አንድ የተከፈተ አፍ።

«ሉክ! ፌስ!» አለ ናቲ በደስታ፣ አንዱን አንሥቶ ወደ እኔ እያዞረ።

ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። በልቤ ሒሳቡን ሠራሁት። ይሄን የጻፉት ሚስተር ዋልተር ሞተዋል። የሞተ ዓይን ስምንት ከሆነ፣ የአራት ሰው ዓይን ነው። መግነዙም አራት ነው። ጀልባው ላይ የምንወጣው ደግሞ ጋሽ ኢድሪስ፣ ሚስ ኤለን፣ እኔና ናቲ። አራት። ምንም የሚቀር፣ ምንም የሚተርፍ የለም።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር የሚመጣ መሰለኝ።

የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ቀናት መካከል ናቸው። ፍርሃቱ ማታ ማታ ይመጣል፤ ጠዋት ጓሮው ውስጥ ስገባ ይጠፋል። ጋሽ ኢድሪስ አዲስ ገመድ ገዙ። ከአጥር እስከ አጥር ወጠሩትና እኔና እሳቸው በሁለት ጫፍ ሆነን ሠራንበት። መጀመሪያ በተገመዱት ክሮች መካከል ቀጭን ሲባጎ እናስገባለን። ከዚያ በሸራ ቁራጭ እንጠቀልለዋለን። በመጨረሻ እሳቸው ዙሪያውን በሲባጎ ጥብቅ አድርገው ይጠመጥሙታል፤ እኔ የሲባጎውን ኳስ ይዤ ገመዱን እየዞርኩ እከተላቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ ማታ አልጋዬ ይዞርብኛል።

በላዩ ላይ የጥድ ሬንጅና የተልባ ዘይት ቀላቅለን እንቀባዋለን። ናቲ አንድ ጊዜ ብሩሹን ይዞ አጥሩን፣ ቲማቲሙን፣ የራሱንም ጉልበት ቀባ። እማዬ ማታ ማታ እጃችንን በምግብ ዘይትና በሎሚ እያሸች ታስለቅቃለች። «ይሄን ሁሉ ተልባ ገመድ ከሚጠጣው» ትላለች፣ «በጾሙ እኛ በጠጣነው።» ግን ሁለት ቀን ዕረፍት ስታገኝ ራሷ መጥታ ሲባጎ ስትጠመጥም ዋለች፤ ከጋሽ ኢድሪስ የበለጠ ጥብቅ አደረገችው። እሳቸው ጥፍራቸውን በጥምጥሙ ላይ እያስኬዱ «አባቴ ቢያይሽ ይቀጥርሽ ነበር» አሏት። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ አወራችው።

አንድ ቀን ጠዋት ገመዶቹ አልቀው ሲደረደሩ ጋሽ ኢድሪስ «አሁን የሚቀረው ማቆም ነው» አሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ እሳቸው ሲሰግዱ፣ ናቲ ካርቱን ሲያይ፣ ሣጥኑን ከፍቼ አንዱን የሞተ ዓይን አወጣሁ። ሰባት ከሆነ ሒሳቡ ይፋለሳል ብዬ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው አሰብኩ። ግን ዓይን ነው፤ የሞተ ነገር ደግሞ ይቀበራል እንጂ አይጣልም። በጓሮው ጥግ ካለው ዛፍ ሥር በማንኪያ ቆፍሬ ቀበርኩት። በአይስክሬም እንጨት መስቀል ሠራሁለት። አባታችን ሆይን ደገምኩለት። ከዚያ መስቀሉ እንዳያሳብቅብኝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ጋሽ ኢድሪስ ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ቆጠሩ።

«ስምንት ነበር» አሉ። «ናቲ፣ ወስደሃል?»

ናቲ በእንግሊዝኛ ማለና ተገዘተ። እኔ የቲማቲም ቅጠል እቆጥር ነበር። ሣሩን በእግራቸው ዳበሱ፣ ተጎታቹን ከሥር ገብተው አዩ። ካጡት በኋላ አልተናደዱም። «እንሠራለና» አሉ። እማዬ የማትፈልገውን አሮጌ መክተፊያ ሰጠቻቸው፤ ክብ አድርገው ቆርጠው፣ ጠርዙን ሞርደው፣ ሦስት ቀዳዳ በሱት። ስምንተኛው ነጭ ሆኖ ከሰባቱ ጥቁሮች ጋር ተቀመጠ። ሒሳቡ ሳይፋለስ ቀረ።

ደቀሉን ያቆሙት ቅዳሜ ነው። አባዬ ዕረፍት ነበረው። ተጎታቹ ላይ እንዳለ፣ እሱ ከሥር እየገፋ፣ ጋሽ ኢድሪስ «የጫካውን ገመድ» ከፊት እየሳቡ ደቀሉ ወደ ሰማይ ተነሣ። ከጣሪያው በለጠ። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው አጨበጨቡ። ናቲ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ካፒቴን ሆኗል። ከዚያ ጋሽ ኢድሪስ እያንዳንዱን የጎን ገመድ ያያዙበትን አየሁ። ከገመዱ ጫፍ አንድ ክብ እንጨት፣ ከጀልባው ጎን ሌላ ክብ እንጨት፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች ቀጭን ገመድ እያመላለሱ ይስቡታል። ሲስቡት ሁለቱ ፊቶች ይቀራረባሉ፣ ትልቁም ገመድ ይወጠራል። ከወጠሩ በኋላ በጣታቸው እንደ ክራር ጅማት ይመቱትና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

አራተኛውን ሲስቡ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

መክተፊያው ለሁለት ተሰነጠቀ። ደቀሉ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አባዬ ጮኸ፣ እኔ ጮኽኩ፤ ናቲ ቀና ብሎ አየና አፉን ከፍቶ ቀረ። አባዬ ጀልባው ላይ ዘሎ ናቲን በሰውነቱ ሸፈነው። ግን በዚያ በኩል ያለው ሌላኛው ገመድ ያዘ። ደቀሉ እንደ ሰካራም አጋድሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ሳይወድቅ ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። አባዬ ናቲን አውጥቶ መሬት ላይ ካቆመው በኋላ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ ይሄ ነገር ይቅር» አለ። «ልጄ ላይ ቢወድቅስ ኖሮ?»

«እውነትህን ነው» አሉ ጋሽ ኢድሪስ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለስላሳ እንጨት መሆኑን እያወቅኩ ቸኮልኩ። አባቴ ቢኖር እጄን ይመታኝ ነበር።»

«ሴትየዋ የሚመጣው ቅዳሜ ነው የሚሄዱት። በአንድ ሳምንት ምንም አይደርስም። ደውለው ይንገሯቸው።»

«እነግራታለሁ» አሉ።

አባዬ እማዬን ከሥራ ሊያመጣ ናቲን ይዞ ሄደ። ጋሽ ኢድሪስ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ መልሰው ከተቱት። እንደገና አወጡት። እጃቸው ጥቁር ነበር፤ ሦስት ሳምንት የሠሩበት ሬንጅ ጥፍራቸው ውስጥ ገብቷል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አራታችንን ላድን ብዬ ናቲን ልገድል ነበር። ደግሞም ጥፋቱን እሳቸው ወሰዱት።

ወደ ዛፉ ሄጄ በእጄ ቆፈርኩ። ያን እንጨት ከነአፈሩ ይዤ መጥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

ተቀብለው አገላበጡት። «የት አገኘሽው?»

«ቀብሬው ነበር።»

«ለምን?»

«እርስዎ እንዳይቀበሩ» አልኩና እምባዬ መጣ። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ፤ መግነዙም፣ ሚስተር ዋልተርም፣ አራት ሰውም። መዝገበ ቃላቱን አምጥቼ ገጹን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሳቸው ውስጥ አገኙት። ጣቴ ያለበትን መስመር አነበቡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ግን እየሣቁ ነበር። ባልዲው ከሥራቸው ተንሸራትቶ ሣሩ ላይ እስኪቀመጡ ሣቁ።

«አባታችን ሆይም ደገምሽለት?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አዎ።»

«ለእንጨት!» አሉና እንደገና ሣቁ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ስሚ ሰብለ። እንግሊዞቹ ገመዱን ለምን እንዲህ እንዳሉት እኔ አላውቅም። አባቴ ገመዶቹን በእኅቶቹ ስም ነበር የሚጠራቸው። ፋጡማ፣ ኸዲጃ፣ ሳዲያ፣ ዘሃራ። አራቱም አክስቶቼ ኃይለኞች ነበሩ። አንዷ ወደዚህ ትጎትታለች፣ ሌላዋ ወደዚያ፤ አያቴ በመካከል ቀጥ ብለው ቆመው ዘጠና ዓመት ኖሩ። ገመዱ ይሄ ነው። ማንንም አይቀብርም።»

አባዬ ሲመለስ እጄን ይዘው ወደ እሱ ሄዱ። «ጥፋተኛው ተገኘ» አሉት። «የአንተ መዝገበ ቃላት ነው።»

አባዬ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። መጽሐፉን ተቀበለኝና ገጹን አነበበው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሄን ብቻሽን ይዘሽ ነበር?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ያንን ጥቁር እንጨት ከጋሽ ኢድሪስ እጅ ወስዶ በሸሚዙ ጫፍ አፈሩን ጠረገው። «ነገ ሥራ የምገባው ከሰዓት ነው» አለ። «ጠዋት እናቁመው።»

በማግስቱ ጠዋት እኔ ራሴ ቀጭኑን ገመድ በስድስቱ ቀዳዳ አመላለስኩት። በሳሙና አሸሁት፣ ጋሽ ኢድሪስና አባዬ ሳቡት። ደቀሉ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሚስ ኤለን የሚሄዱበት ቅዳሜ ጠዋት ቸሪ ክሪክ ወረድን። በረራቸው ማታ ነበር። ሰማያዊ ባርኔጣ አድርገው መጥተዋል። ጀልባውን ሲያዩ አልተናገሩም። መጀመሪያ ገመዱን አሸተቱት። ከዚያ አንዱን ጥቁር እንጨት በመዳፋቸው ያዙና «ዋልተር ከጀልባው ሁሉ አብልጦ እነዚህን ነበር የሚወደው» አሉ።

እማዬ «እኔ መሬት ላይ ሆኜ እጸልይላችኋለሁ» ብላ ቀረች። አባዬ የሥራ ዩኒፎርሙን ከነክራቫቱ ለብሷል፤ ከዚህ በቀጥታ ወደ ፈረቃው ነው። አራታችን ላይፍ ጃኬት አጥልቀን ወጣን፤ ሚስ ኤለን መሪው ጋ፣ ጋሽ ኢድሪስ ሸራው ጋ። አራት መሆናችንን ቆጠርኩ። ደግሜ አልቆጠርኩም።

ሸራው ሲወጣ ከተራሮቹ በኩል ነፋስ መጣ። ጀልባው ጎኑን ሰጠና ሄደ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሞተር የለም፣ ድምፅ የለም፤ ውሃው ብቻ ከሥራችን ይስቃል። ነፋሱ በመጣበት በኩል ያሉት ሁለት ገመዶች ተወጥረው ያዜማሉ። በሌላው ጎን ያሉትን ሳይ ግን ጮኽኩ።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ ገመዶቹ ላልተዋል! እነዚህኛዎቹ ላልተዋል!»

«ይላላሉ» አሉኝ ሳይደነግጡ። «ፋጡማና ኸዲጃ እየሠሩ ነው፤ ሳዲያና ዘሃራ ዐርፈዋል።»

ሚስ ኤለን መሪውን ገፋ ሲያደርጉ ጀልባው ዞረ፤ ሸራው በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ሌላው ጎን ተዛወረ። የላሉት ገመዶች ቀጥ አሉ። ናቲ «አጌን! አጌን!» እያለ ይጮኻል። ሚስ ኤለን ባርኔጣቸው ወድቆ ነጭ ፀጉራቸው ተበትኗል፤ እሳቸው ግን አላነሡትም። ጋሽ ኢድሪስን አየኋቸው። አፋቸው በትንሹ ተከፍቶ የደቀሉን ጫፍ ያያሉ፤ እንደ ናቲ ነው የሚመስሉት።

ብዙ ከዞርን በኋላ አባዬ ከዳር ሆኖ ሰዓቱን እየጠቆመ እጁን አወዛወዘ። ሚስ ኤለን «ኢድሪስ፣ እሺ፣ እንዴት ነው የምናቆመው?» አሉ።

ጋሽ ኢድሪስ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ምን አለች?» አሉኝ። ሰምተዋል። መልስ ሲጠፋቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

«እንዴት ነው የሚቆመው ነው የሚሉት።»

«እኔ እኮ ገመድ አሳሪ ነኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መርከቦቹ ሲሄዱ እኔና አባቴ ወደቡ ላይ እንቀር ነበር። ሲመለሱ ቆመው ነው የማገኛቸው። እንዴት እንደቆሙ ጠይቄ አላውቅም።»

«ታዲያ ከዚህ በፊት…?»

«ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

ለሚስ ኤለን ተረጎምኩላቸው። ያን ጊዜ ቃሉን ሁሉ አውቀው ነበር። ሚስ ኤለን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔም አላውቅም» አሉ። «ዋልተር ነበር የሚያቆመው። እኔ ያን ጊዜ ሳንድዊቾቹን እሰበስባለሁ።»

ሁለቱ አረጋውያን ተያዩ። ከዚያ እንዲያ ሲሣቁ ጀልባው ራሱ የሚናወጥ መሰለኝ።

ስለዚህ ዞርን። በአባዬ ፊት አንዴ አለፍን። ሁለተኛ አለፍን። ሦስተኛ ስናልፍ አባዬ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ «ምንድን ነው ችግሩ?» ብሎ ጮኸ። ማናችንም ከሣቅ መልስ መስጠት አልቻልንም። ናቲ ግን ተነሥቶ፣ በሁለት እጁ ጋሽ ኢድሪስን ይዞ፣ በጥርት ባለ አማርኛ «ማቆም አያውቁም!» ብሎ መለሰለት።

እማዬ ከዳር እልል አለች፤ ለአማርኛው ይሁን ለሌላው እስከ ዛሬ አላውቅም። አጠገቧ ምሳ የሚበሉ ሰዎች ተነሥተው አጨበጨቡ።

ነፋሱ ደከም ሲል ጀልባው ወደ ዳር አዘገመ። አባዬ ጫማውን አወለቀ። ሰዓቱን አየ፣ ሱሪውን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ከነክራቫቱ ውሃው ውስጥ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ እስከ ደረቱ።

«ስልክህ!» አለች እማዬ። «ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው!»

አባዬ ግን በሁለቱም እጁ ጀልባውን ይዞ ነበር።